የጉሮሮ ሕመምና የእንጥል ክስ



ዛሬ የምናገረው ሁላችንም ስለምናውቀው፣ ሁላችንም ስለምንንቀው አንድ ሕመም ነው፤ ይኸውም የጉሮሮ ሕመም ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ማለዳ ሠራተኛው ሲሰበሰብ ድምፁ የሰለለ ባልደረባ አይጠፋም። «ምነው፣ ምን ሆንህ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «ቶንሲሌ ተነሥቶብኝ» ይላል። ጠያቂውም «ዝንጅብል አፍልተህ ጠጣበት» ብሎ መክሮት ወደ መዝገቡ ይመለሳል። ነገሩም በዚህ ያበቃል። አብዛኛውን ጊዜ በእውነት በዚህ ያበቃል፤ በሳምንቱ ሰውዬው ድኖ፣ ድምፁም ተመልሶ ይገኛል። የዛሬው ንግግሬ ግን ነገሩ በዚህ ስላላበቃባቸው ጊዜያት ነው።

አስቀድሜ ልናገር፤ እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ትምህርቴም ከሁለተኛ ደረጃ አላለፈም። ነገር ግን እንጀራዬን የምበላው በጉሮሮዬ ነው። ሰው ሁሉ የሚበላው በጉሮሮው ነው ትሉኝ ይሆናል፤ የእኔ ግን ትርጓሜው ሌላ ነው። ጉሮሮዬ በታመመ ቀን ዜናውን የሚያነበው ሌላ ሰው ነውና፣ ስለዚህ ሕመም ታሪክ ያገኘሁትን ሁሉ ሳነብ፣ ሐኪሞችንም ስጠይቅ ቈይቻለሁ።

ስለ ጉሮሮ ለመናገር ደግሞ አቃቂ በሰቃ የተገባ ስፍራ ነው። የኢትዮጵያ ድምፅ በአየር ላይ ወደ ውጭው ዓለም የተሻገረው ከዚያ ነው፤ በ1927 ዓ.ም. የተመረቀው የራዲዮ ጣቢያ የቆመው በአቃቂ ነበርና። የኢጣልያ ጦር ወረራውን በጀመረበት ወራት የአገሪቱ አቤቱታ ለዓለም የተሰማው በዚሁ ጣቢያ አማካይነት ነው። ከዚያም ቀድሞ ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ሐዲድ በ1915 እ.ኤ.አ. አቃቂ ደርሶ፣ ከሁለት ዓመት በኋላ አዲስ አበባ ገብቷል። ሐዲዱ ሰውና ዕቃ ብቻ አላመጣም፤ ሌላ ምን እንዳመጣ ዝቅ ብዬ እናገራለሁ። ኋላም ወንዙና ሐዲዱ ፋብሪካዎችን ስበው አቃቂ የጥጥና የብረታ ብረት ሠራተኞች መኖሪያ ሆነች። እኔም ያደግሁት እዚያው ነው።

በተማሪነቴ ዘመን አንድ ጓደኛ ነበረኝ። ስሙን አልጠራም። በሰንበት ትምህርት ቤት የመዝሙር ጓድ ውስጥ ድምፁ ከሁላችን የጠራ ነበር። ዐሥራ አንድ ዓመት ገደማ ሲሆነው ጉሮሮው ታመመ። ትኩሳቱ ድንገት ተነሣ፤ ምራቁን መዋጥ አቃተው፤ አንገቱ ሥር ሁለት እብጠት ወጣ። ሳል አልነበረውም፤ ንፍጥም አልነበረውም። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ በኋላ እመለስበታለሁ። እናቱ ደግ ሴት ነበሩ፤ ያለ አባት ነበር የሚያሳድጉት። ጎረቤቶች መክረዋቸው ቶንሲል የምትቧጥጥ አዋቂ ወደ ምትባል ሴት ወሰዱት። ሴቲቱ ጣቷን በጨው ነክራ ወደ ጉሮሮው ሰድዳ፣ ያበጠውን ተጭና ደም እስኪወጣ ድረስ ቧጠጠችው። ልጁ በአራተኛው ቀን ትኩሳቱ ለቀቀው። ሴቲቱም ተመሰገነች፤ ዋጋዋንም ወሰደች። እናቱ እንዳጫወቱኝ ልጁ ገና የዐርባ ቀን ሕፃን ሳለ እንጥሉም ተቈርጦ ነበር። የእኔም ተቈርጧል። በዚያ ሰፈር ያላስቈረጠ ቤት የነበረ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ታሪኩን ላቁመውና ስለ እንጥል ጥቂት ልናገር።

እንጥል በቋንቋችን ውስጥ ከመጠኑ የሚበልጥ ስፍራ አለው። ሰው ድንገት ሲደነግጥ ወይም ተስፋ ያደረገው ነገር ሲቀርበት «እንጥሌ ዱብ አለ» ይላል። ስሙም ራሱ ከላንቃ ጫፍ ተንጠልጥሎ ስለሚታይ የወጣለት ይመስላል። ይህች የሥጋ ጫፍ ምግብና ውሃ ስንውጥ ከላንቃው ጋር ተነሥታ ወደ አፍንጫ የሚወስደውን መንገድ ለመዝጋት ትረዳለች፤ ጉሮሮንም በእርጥበት ታለሰልሳለች። ወላጆቻችን ግን በሌላ ዐይን ሲያዩዋት ኖረዋል። እንጥል ታብጣለች፤ ወርዳ መተንፈሻ ትዘጋለች፤ ብትፈነዳም ሕፃኑን ትገድላለች ተብሎ ይታመን ነበር። ስለዚህ ሳታብጥ በፊት፣ ሕፃኑ ገና በተወለደ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ትቈረጣለች። ቈራጩ በአንዳንዱ ስፍራ ጫፉ እንደ ማጭድ የጐበጠ ስለት፣ በሌላውም የክር ወይም የፈረስ ጭራ ሸምቀቆ ይጠቀማል። ስለቱ ከሕፃን ወደ ሕፃን ያልፋል። ደም አልቆም ብሎ፣ ቍስሉ አመርቅዞ፣ ወይም መንጋጋ ቈልፍ ይዞት የሞተ ሕፃን እንዳለ ዛሬ የማያውቅ የጤና ሠራተኛ የለም።

ይህን ስናገር ወላጆቻችንን ለመንቀፍ አይደለም። በተማርነው በኩል የሚታይ አንድ መጥፎ ልማድ አለ፤ ይኸውም የቀደሙትን ሰዎች ሁሉ ሞኝ አድርጎ መቍጠር ነው። እነርሱ ያዩት እውነት ነበር። ጤነኛ የነበረ ሕፃን ጉሮሮው ታምሞ፣ ትንፋሹ እየተፏጨ፣ ፊቱ ጠቍሮ በሦስትና በአራት ቀን ሲሞትባቸው አይተዋል። አፉን ከፍተው ሲመለከቱ ጐልታ የምትታያቸው ያበጠች እንጥል ነበረች። ሌባው ሰርቆ ሄዷል፤ በር ላይ የቀረው ዘበኛ ብቻ ነው። ስለዚህ ዘበኛው ተከሰሰ፤ ተፈረደበትም።

ደግሞም በዚህ ክስ ብቻችንን አልነበርንም። የጥንቶቹ ግሪኮች ሐኪሞችም እንጥል ይቈርጡ ነበር። በሂፖክራጥስ ስም በሚጠሩት መጻሕፍት ውስጥ እንጥል ቀልታና አብጣ ሳለ መቍረጥ አደገኛ መሆኑ፣ ደም መፍሰስንና የባሰ ብግነትን ማስከተሉ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት ተጽፏል። ማስጠንቀቂያው እንጂ ልማዱ አልጠፋም፤ በአፍሪቃና በመካከለኛው ምሥራቅ በብዙ አገሮች እስከ ዘመናችን ዘልቋል። በአገራችን ኋላ የኢትዮጵያ ጐጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አስወጋጅ ማኅበር የተባለው ብሔራዊ ኮሚቴ በ1990 ዓ.ም. አካባቢ ባደረገው አገር አቀፍ ጥናት፣ እንጥል መቍረጥ እጅግ ከተስፋፉት ድርጊቶች አንዱ ሆኖ ተገኝቷል። በ1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግም በሕፃናት ላይ ለሚፈጸሙ ጐጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ቅጣት ወስኗል።

የጉሮሮን ሕመም ምክንያቱን ሳያውቁ ማከም ታላላቆችንም አጥፍቷል። የአሜሪካ የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ጆርጅ ዋሽንግተን በታኅሣሥ ወር 1799 እ.ኤ.አ. በዝናምና በበረዶ እርሻውን ሲጐበኝ ውሎ ጉሮሮው ታመመ። በማግሥቱ ሌሊት መተንፈስ አስጨነቀው። በዘመኑ ልማድ መሠረት ደሙ አራት ጊዜ እንዲፈስ ተደረገ፤ የወጣው ደም ከሁለት ሊትር በላይ እንደ ነበር ይገመታል። ከሐኪሞቹ በዕድሜ ትንሹ የነበረው ኤሊሻ ዲክ መተንፈሻው ከአንገቱ ላይ ተከፍቶ አየር እንዲገባለት ሐሳብ ቢያቀርብ ታላላቆቹ አልተቀበሉትም። በዚያው ቀን ማታ ዋሽንግተን በ67 ዓመቱ ሞተ። ሦስት ሐኪም በአልጋው ዙሪያ ቆሞ የሞተ የአገር መሪ ይህ ነው። እንግዲህ የአቃቂዋን ሴት ብቻ መውቀስ አይገባም።

አሁን ሐዲዱ ሌላ ምን እንዳመጣ እናገራለሁ ወዳልሁት ልመለስ። በ1918 እ.ኤ.አ. ዓለምን ያዳረሰው ታላቁ የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ ወደ ኢትዮጵያ የገባው ከባሕር ወደብ በሚመጣው መንገድ፣ በባቡሩ በኩል እንደ ሆነ ይታመናል። እንዲህ ከሆነም አዲስ አበባ ከመድረሱ በፊት በአቃቂ ጣቢያ አልፏል ማለት ነው። በኅዳር 1911 ዓ.ም. ከተማዋን አጠቃ። ትኩሳት፣ የጉሮሮ መቃጠል፣ ሳል፣ የአጥንት ቍርጥማት፣ ከዚያም የሳንባ ምች ነበረ። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ መኰንን ራሳቸው ታመው ተርፈዋል። በአዲስ አበባ ብቻ ዐሥር ሺህ ያህል ሰው እንዳለቀ ይገመታል። ቀባሪ ጠፍቶ ነበር። ይህንን ነው አያቶቻችን «የኅዳር በሽታ» ያሉት።

የበሽታው ምክንያት በዚያን ጊዜ በዓለም ላይ ማንም የሚያውቀው አልነበረም። የሰውን ኢንፍሉዌንዛ የሚያመጣው ቫይረስ በእንግሊዝ አገር የተለየው በ1933 እ.ኤ.አ. ነው፤ ይኸውም ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ሕዝቡም በሽታው የሚመጣው ከክፉ አየርና ከቆሻሻ ነው ብሎ በየሰፈሩ ጥራጊውን ሰብስቦ አቃጠለ፤ «ኅዳር ሲታጠን» የተባለውም ልማድ ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ሲፈጸም ኖሯል። አካባቢን ማጽዳቱ መልካም ነው። ጭሱ ግን ለጉሮሮ መልካም አይደለም፤ በኅዳር 13 ማለዳ ማይክሮፎን ፊት የቆመ ሰው ይመሰክራል። ከሕመሙ የሸሸው ሁሉ በማጠኛው ሲያስል ያደረበትን ዓመት አስታውሳለሁ።

ዛሬ እንደሚታወቀው የጉሮሮን ሕመም አብዛኛውን ጊዜ የሚያመጡት ቫይረሶች ናቸው። የተራ ጉንፋን ቫይረስ፣ የኢንፍሉዌንዛ ቫይረስ፣ በ2012 ዓ.ም. ወደ አገራችን የገባው የኮሮና ቫይረስ፣ ሌሎችም ብዙ አሉ። ለእነዚህ አብዛኛውን ጊዜ መድኃኒታቸው ዕረፍት፣ ትኩስ ነገርና ትዕግሥት ነው። ጦስኙ፣ ዳማ ከሴው፣ ማሩና ዝንጅብሉ ጉሮሮን ያለሰልሳሉና አልነቅፋቸውም። ይልቅ የምነቅፈው ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ገዝቶ ሦስት ፍሬ ውጦ የቀረውን በመሳቢያ የሚያስቀምጠውን ነው። መድኃኒቱ ቫይረስን አይነካም፤ የሚነካቸውንም ባክቴሪያዎች መቋቋምን ያስተምራቸዋል።

አሁን ወደ ሕፃኑ ገዳይ ወደ እውነተኛው ሌባ እንምጣ። በጉሮሮ ውስጥ ግራጫ ሽፋን ሠርቶ ትንፋሽን የሚያፍነው በሽታ ዲፍቴሪያ ይባላል። በ1883 እ.ኤ.አ. ኤድቪን ክሌብስ የተባለ ሊቅ ባክቴሪያውን በማጕያ መነጽር አየው፤ በማግሥቱ ዓመት ፍሪድሪኽ ሌፍለር ለይቶ አሳደገው። ባክቴሪያው ራሱ ከጉሮሮ ብዙ አይርቅም፤ መርዙ ግን በደም ተጕዞ ልብንና ጅማትን ይመታል። በ1890 እ.ኤ.አ. ኤሚል ፎን ቤሪንግና ጃፓናዊው ኪታሳቶ መርዙን የሚያከሽፍ መድኃኒት ከእንስሳት ደም ሊገኝ እንደሚችል አሳዩ። ቤሪንግም በ1901 እ.ኤ.አ. የመጀመሪያውን የሕክምና ኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ክትባቱም ተከተለ። በአገራችን የተስፋፋው የክትባት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ሲሆን ዲፍቴሪያ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት በሽታዎች አንዱ ነበር። ዛሬ በእጁ የክትባት ካርድ ይዞ የሚያድግ ሕፃን አያቱ ከሞተባት ታናሽ ወንድሟ የሚለየው በእንጥሉ አይደለም፤ በዚያች ካርድ ነው።

ወደ ጓደኛዬ ልመለስ። ጉሮሮው ከዳነ ሦስት ሳምንት ያህል ሆኖት ነበር። አንድ ቀን ጕልበቱ አብጦ በግድ እየተራመደ ወደ ትምህርት ቤት መጣ። በሁለተኛው ቀን ጕልበቱ ደኅና ሆኖ ቍርጭምጭሚቱ አበጠ፤ ቀጥሎም ክርኑ። «ቍርጥማት ነው» ተባለ፤ ቍርጥማት የሽማግሌ በሽታ ነው እያልን ሳቅንበት። ይህን ሳቅ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እብጠቱ በራሱ ጊዜ ለቀቀው። ማንም ሰው ያንን ጕልበት ከዚያ ጉሮሮ ጋር አላገናኘም፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ስንት ነገር ይረሳል። ከሦስትና ከአራት ዓመት በኋላ ግን ዳገት መውጣት አቃተው። ሌሊት ጋደም ሲል ትንፋሽ ያጥረው ስለ ነበር ተደግፎ ያድር ጀመር። መዝሙሩንም ተወ። በሐኪም ቤት ልቡ ሲደመጥ የልቡ በር ተበላሽቶ ተገኘ።

እንዴት እንዲህ ይሆናል ብላችሁ ትጠይቁ ይሆናል። ጉሮሮን ከሚያሳምሙት ባክቴሪያዎች አንዱ ስትሬፕቶኮከስ ይባላል። በማጕያ መነጽር ሲታይ እንደ መቍጠሪያ ዶቃ ተሰካክቶ ይታያል፤ ሉዊ ፓስተር በ1879 እ.ኤ.አ. በወላድ ሴቶች ትኩሳት ውስጥ አይቶታል። በተለይ ከአምስት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት የሆናቸውን ልጆች ይወዳል። ብዙ ልጆች በአንድ ክፍል በሚተኙበት፣ በአንድ ጣሳ በሚጠጡበት ቤት በፍጥነት ይዛመታል። ልጁ መድኃኒት ባያገኝም ጉሮሮው በጥቂት ቀን ውስጥ በራሱ ይድናል። ተንኰሉም እዚህ ላይ ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመውጋት ያሰለፈው ኀይል የጠላትን መልክ ከራሱ ሥጋ መልክ መለየት ተስኖት፣ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በኋላ መገጣጠሚያንና ልብን ያጠቃል። ይህም የሩማቲክ ትኩሳት ይባላል። ሐኪሞች ሲያስተምሩ በሽታው መገጣጠሚያን ይልሳል፤ ልብን ግን ይነክሳል ይላሉ። የተነከሰው የልብ በር ጠባሳ ይዞ ይጠብባል፤ ወይም አልገጥም ብሎ ደም ያፈስሳል። እንጥሉ የተቈረጠ ልጅ ከዚህ አይድንም። ቶንሲሉ የተቧጠጠም አይድንም፤ ጣቷም ጨውዋም የሚደርሱት ከላይ ነው።

የሚያሳዝነው መድኃኒቱ የታወቀ፣ ርካሽና ቀላል መሆኑ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ሎንዶን ውስጥ ከሻጋታ ያገኘውን ፔኒሲሊን፣ የኦክስፎርዶቹ ፍሎሪና ቼይን ከ1940 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለሰው የሚሆን መድኃኒት አደረጉት። በመጀመሪያ ከተሞከረባቸው ሰዎች አንዱ አንድ የእንግሊዝ ፖሊስ ነበር። ማገገም ጀምሮ ሳለ መድኃኒቱ አለቀ። ከሽንቱ እንኳ እያጣሩ ቢመልሱለት አልበቃም፤ ሞተ። ከጥቂት ዓመት በኋላ መድኃኒቱ በብዛት ይሠራ ጀመረ። በአሜሪካ ዋዮሚንግ በሚገኝ አንድ የጦር ሰፈር ሐኪሞች በስትሬፕቶኮከስ ጉሮሯቸው የታመመ ወታደሮችን በሁለት ከፍለው፣ ስምንት መቶ ለሚያህሉት ፔኒሲሊን ሰጡ፤ ለቀሩት ስምንት መቶ ያህል አልሰጡም። በ1950 እ.ኤ.አ. በታተመው ውጤት መድኃኒት ካገኙት ሁለት፣ ካላገኙት ዐሥራ ሰባት ወታደሮች የሩማቲክ ትኩሳት ያዛቸው። ከዚያ ወዲህ ነገሩ አከራካሪ አልሆነም። ጉሮሮው በታመመ በዘጠኝ ቀን ውስጥ ፔኒሲሊን የጀመረ ልጅ ልቡ ይተርፋል ይባላል። አንድ መርፌ ይበቃል፤ ወይም የዐሥር ቀን የሚዋጥ ክኒን ሳያቋርጡ መጨረስ ነው።

መርፌው ያመለጠው ልጅ ግን መንገዱ ረጅም ነው። ልቡ እንደ ገና እንዳይነከስ በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ፔኒሲሊን ለብዙ ዓመት መወጋት አለበት። በሩ እጅግ ከተበላሸም መጠገን ወይም መለወጥ ያስፈልገዋል። በአገራችን ለልብ ሕሙማን ሕፃናት የቆመ ማኅበር በ1980ዎቹ መጀመሪያ በዶክተር በላይ አበጋዝ አነሣሽነት ተቋቁሞ ብዙ ልጆችን ወደ ውጭ አገር እየላከ ሲያሳክም ቈየ። በ2001 ዓ.ም. በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ግቢ የልብ ማዕከል ተከፈተ። ከሕሙማኑ ቍጥር ጋር ሲተያይ ግን ተራ ጠባቂው ብዙ ነበር። የዓለም ጤና ጉባኤም በ2018 እ.ኤ.አ. ስለዚህ በሽታ ልዩ ውሳኔ አሳልፏል። በሀብታም አገሮች ልጆች ላይ እየጠፋ የሄደ በሽታ በእኛና እኛን በመሰሉ አገሮች ልጆች ላይ ጸንቶ መኖሩ የአየር ጠባይ ጉዳይ አይደለም፤ የመኖሪያ ቤት መጣበብና የሕክምና መራቅ ጉዳይ ነው።

ጓደኛዬ ተራው ሳይደርሰው በዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ አረፈ።

የአቃቂን ጉሮሮ ስናነሣ የፋብሪካውን ብናኝ ሳንጠቅስ ማለፍ አይገባም፤ ጉሮሮ የሚታመመው በተዋሲያን ብቻ አይደለምና። አባቴ በአንድ የጥጥ ፋብሪካ ጥጥ በሚፈለቀቅበት ክፍል ይሠራ ነበር። ማታ ሲገባ ቅንድቡ ነጭ ነበር። ከዕረፍቱ ቀን በኋላ በሰኞ ምሽት ደረቱ ይጠብበዋል፤ ጉሮሮውን ይከረክረዋል፤ ሐሙስና ዓርብ ይሻለዋል። እናቴ እሑድ በሚጠጣት ጠላ ስታመካኝ እርሱም ዝም ይላት ነበር። ኋላ ሳነብ ይህ ነገር በዓለም ሁሉ የጥጥ ሠራተኞች ዘንድ የታወቀ ሆኖ አገኘሁት። ቤርናርዲኖ ራማዚኒ የተባለ ኢጣልያዊ ሐኪም በ1700 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የሠራተኞች በሽታ መጽሐፉ ተልባና ቃጫ የሚያበጥሩ ሰዎች በብናኙ እንዴት ሲያስሉ እንደሚኖሩ ጽፏል። በዚያው ሥራው ስለ ዘፋኞችና ድምፃቸውን ስለሚያደክሙ ሰዎችም መጻፉን ሳይ እንደ ዘመድ ወደድሁት። በአገራችንም በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ላይ ተጠንቶ በ1995 እ.ኤ.አ. የታተመ ጽሑፍ የጥጥ ብናኝ የሳንባ በሽታ መኖሩን አሳይቷል። ጠላዋ ያለ በደሏ ነበር የተከሰሰችው።

ከዚህ ሌላ ሲጋራ አለ፤ የምድጃ ጭስ አለ፤ የመኪና ጢስና የበጋ አቧራ አለ። ማታ ጠግበው ሲተኙ ከጨጓራ ወደ ላይ የሚወጣው ቃር ሌሊት ጉሮሮን ያቃጥላል፤ ባለቤቱም ጠዋት ጉንፋን ነው ይላል። ሲጮህ የዋለ አስተማሪና ሲያስተምር ያደረ ሰባኪም ጉሮሯቸው ይሻክራል። ድምፁ ጐርንኖ ሦስት ሳምንት ያለፈው ሰው፣ ይልቁንም አጫሽ ከሆነ፣ ዕጢ አለመሆኑን ሐኪም ሊያይለት ይገባል።

እንግዲህ ልብ በሉልኝ ያልሁት ነገር ይህ ነው። ልጁ ካሳለ፣ ካስነጠሰው፣ አፍንጫው ከፈሰሰ፣ ነገሩ ቫይረስ መሆኑ ያመዝናል። ነገር ግን ትኩሳቱ ድንገት ተነሥቶ፣ ሳልና ንፍጥ ሳይኖር መዋጥ ካቃተው፣ የአንገቱ ዕጢዎች ካበጡ፣ በቶንሲሉ ላይ ነጭ መግል ከታየ፣ ይልቁንም ዕድሜው ለትምህርት ከደረሰ፣ የስትሬፕቶኮከስ ጥርጣሬ አለና በዚያው ሰሞን ጤና ጣቢያ መድረስ አለበት። ምራቁን መዋጥ አቅቶት የሚዝረበረብ፣ አፉን መክፈት ያቃተው ወይም ሲተነፍስ ጉሮሮው የሚያፏጭ ልጅ ግን እስከ ነገ አይቈይም፤ በዚያው ሰዓት መወሰድ አለበት።

ጓደኛዬ ታናሽ እኅት ነበረችው። እርሱ በሞተ በሁለተኛው ዓመት፣ በክረምት፣ ጉሮሮዋ ታመመ፤ ሳል የለ፣ ንፍጥ የለ፣ አንገቷ ሥር ሁለት እብጠት። ጎረቤት መጥታ የቧጣጯን ሴት ስም ጠራች። እናትየው አንድ ቃል ሳይመልሱ ልጅቱን በጋቢ ጠቅልለው በዝናም ተነሡ። እኔም ዣንጥላ ይዤ አብሬያቸው ሄድሁ። በጤና ጣቢያው የነበረችው ነርስ ባትሪ አብርታ ጉሮሮዋን አየች፤ ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራም አንድ መርፌ ወጋቻት። ልጅቱ እስከ ቤቷ ድረስ ስለ መርፌው እያለቀሰች መጣች። «አልቅሺ፤ አልቅሺ ልጄ፤ ድምፅሽን ልስማው» ይሏት ነበር እናቷ። ዛሬ ቃሊቲ ውስጥ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተማሪ ናት፤ ባለፈው ሳምንት መንገድ ላይ ሳገኛት ተማሪዎቹ አስጩኸዋት ድምፅዋ ሰልሎ ነበር።